ዩኤስቢው አልሠራ ሲል፦ «ተቃጥሏል» ከማለታችሁ በፊት

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአክስቴን ልጅ ላፕቶፕ ፎርማት አድርጌ ሰጠኋት። የጽሕፈትና የፕሪንት ሥራ ነው የምትሠራው። በማግስቱ ጠዋት ደወለች። «አንተ፣ ምን አድርገህ ነው የሰጠኸኝ? በግራ በኩል ያሉት ሁለቱ ዩኤስቢዎች ሞተዋል፤ ደንበኛ ፍላሽ ይዞ ቆሟል!» ሄድኩ። ፍላሽ ሰካሁ፤ ዝም። ማውስ ሰካሁ፤ ዝም። «ተቃጥለዋል» ብዬ ፈረድኩ። ከዚያ ፍርዴን ራሴው ተጠራጠርኩና ቅዳሜን ሙሉ እንደገና ፎርማት ሳደርግ ዋልኩ። ፖርቶቹ (የዩኤስቢ መሰኪያ ቀዳዳዎቹ) ግን ምንም አልሆኑም ነበር። ምን እንደነበር ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ።

ዩኤስቢ እንቢ ሲል ሥራው ሁሉ የሚዞረው አንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ያስቸገረው ማነው? የምትሰኩት ዕቃ፣ ገመዱ፣ ፖርቱ ወይስ ዊንዶውሱ? ይህን ሳትለዩ ድራይቨር (ዊንዶውስ ዕቃውን እንዲያውቀው የሚያደርገው ፕሮግራም) ብታወርዱም፣ ፎርማት ብታደርጉም፣ ጥገና ቤት ብትሮጡም በግምት ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ቀላሉና ገንዘብ የማያስወጣው ይቅደም።

1. መጀመሪያ ማውስ ፈልጉ

ባለገመድ ማውስ ይሁን። አሮጌም ቢሆን ግድ የለም፤ ብቻ በሌላ ኮምፒውተር ላይ እንደሚሠራ አረጋግጡ። ፖርት ለመፈተን ከፍላሽ ማውስ ይሻላል። ፍላሽ የራሱ ብዙ አመል አለው፤ ቫይረስ ገብቶበት ይሆናል፣ ውስጡ ተበላሽቶ ይሆናል፣ ራሱ ሞቶም ይሆናል። ማውስ ግን ትንሽ ኤሌክትሪክ ይበቃዋል። ድራይቨሩም ዊንዶውስ ውስጥ ስላለ ሠራ አልሠራ ወዲያው ይታወቃል።

ማውሱን የተጠረጠረው ፖርት ላይ ሰኩት። በቀጥታ ይሁን፤ ሃብም (አንዱን ፖርት ብዙ የሚያደርገው ማከፋፈያ) ማራዘሚያ ገመድም መሐል አይግባ። ከሠራ ፖርቱን ተዉትና ፍላሹን ወይም መጀመሪያ እንቢ ያለውን ዕቃ ጠርጥሩ። ካልሠራ ወደ ሌላ ፖርት ውሰዱት። እዚያ ከሠራ ጣጣው ያ አንዱ ፖርት ጋ ነው። በየትኛውም ፖርት ካልሠራስ? ሁሉም ፖርቶች ባንድ ቀን አይቃጠሉም ማለት ይቻላል። ያኔ ዊንዶውሱን ተመልከቱ።

አሁን ማውሱን ገልብጡትና ሆዱን እዩ። ብዙዎቹ ከሥር ቀይ መብራት አላቸው። ይቺ መብራት ብዙ ትናገራለች። ተራ የዩኤስቢ መሰኪያ ውስጥ አራት የብረት መስመሮች አሉ። በዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ ኤሌክትሪክ ነው የሚሸከሙት፤ መሐል ያሉት ሁለቱ መረጃ ያመላልሳሉ። የፍላሻችሁን አፍ አጥብቃችሁ ብታዩ የዳሮቹ ከመሐሎቹ ረዘም ይላሉ፤ ሲሰካ ኤሌክትሪኩ ቀድሞ እንዲደርስ ነው። ስለዚህ መብራቱ በርቶ ቀስቱ ካልተንቀሳቀሰ ኤሌክትሪክ አለ፣ መረጃ ግን አያልፍም። ወይ የመሐሉ መስመር ቆሽሿል ወይ ተጣሟል፤ አለዚያ ዊንዶውስ ፖርቱን አላወቀውም። መብራቱም ጭራሽ ካልበራ ፖርቱ ኤሌክትሪክ አጥቷል።

የአክስቴ ልጅ ማውስ ያን ቀን መብራቱ ቦግ ብሎ በርቶ ነበር። አይቼዋለሁ፤ አላስተዋልኩትም።

የትኞቹ ፖርቶች እንደጠፉም ልብ በሉ። ዴስክቶፕ ላይ የፊቶቹ ጠፍተው የኋላዎቹ ከሠሩ ብዙ አትጨነቁ። የፊቶቹ ከማዘርቦርዱ (ከኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ጋር የሚገናኙት በገመድ ነው፤ ያ ገመድ ይወልቃል። ካሱ ተከፍቶ አቧራው የተራገፈ ሰሞን ከሆነማ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ባንድ ጎን ያሉት ሁሉ አብረው ከጠፉ ሌላ ፍንጭ ነው። በብዙ ላፕቶፖች የአንዱ ጎን ፖርቶች የተገጠሙት ለብቻዋ በተሠራች ትንሽ ሰሌዳ ላይ ነው። ከዋናው ማዘርቦርድ ጋር የምትገናኘው በስስ ጠፍጣፋ ገመድ ነው።

ያያችሁትን ወረቀት ላይ ጻፉ፦ «ግራ አንደኛው፦ መብራት አለ፣ አይንቀሳቀስም። ቀኝ፦ ይሠራል።» ወረቀቷ ኋላ ትጠቅማለች።

2. ስልክ ከሆነ፣ ገመዱ

ስልኩ ቻርጅ ያደርጋል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን ፎቶው አይታይም። ይህ ሲያጋጥም ፖርቱን አትውቀሱ። በየመንገዱ የሚሸጡ ብዙ ርካሽ ገመዶች ውስጣቸው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፤ የኤሌክትሪኮቹ። የመረጃዎቹ ጭራሽ የሉም። ከውጭ ሲታይ ምንም ልዩነት የለውም። ከስልኩ ጋር የመጣውን ገመድ ፈልጉና ሞክሩ። ከዚያ የስልኩን ማሳወቂያ ወደ ታች ሳቡና «ፋይል ትራንስፈር» የሚለውን ምረጡ። አንድሮይድ ሲሰካ አብዛኛውን ጊዜ ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርገው፤ ፋይል እንዲያሳይ እናንተ መፍቀድ አለባችሁ።

3. በእርግጥ አጥፉት

«አጥፍቼ አብርቻለሁ» ትሉኝ ይሆናል። ግን አላጠፋችሁትም። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ፋስት ስታርታፕ የሚባል ነገር መጥቷል። ሻት ዳውን ስትሉ ዊንዶውስ ቶሎ ለመነሣት ሲል የውስጡን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው የሚተኛው። ግራ የገባው ድራይቨር በማግስቱ እንደዚያው ግራ እንደገባው ይነሣል። ሪስታርት ግን ሁሉንም ከባዶ ያስጀምራል። የሚገርመው ነገር፣ ለዚህ ጉዳይ ከሻት ዳውን ሪስታርት ይበልጣል። ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ከፈለጋችሁ ሺፍትን ይዛችሁ ሻት ዳውን በሉ።

እሱ ካልረዳ ኃይሉን አፍስሱት፦

ኮምፒውተሩን አጥፉ። የተሰካበትን ሁሉ ንቀሉ፤ ፍላሽ፣ ማውስ፣ ፕሪንተር። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ባትሪው የሚወጣ ዓይነት ከሆነም አውጡት። ዴስክቶፕ ከሆነ ዋናውን ገመድ ከዲቫይደሩ ንቀሉ። ከዚያ ማብሪያውን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። መልሳችሁ ሰኩና አብሩ። ማውሱን ብቻ ሰክታችሁ ሞክሩ።

ፖርት ላይ ከልክ ያለፈ ኤሌክትሪክ ሲሳብ የሚቆርጥ መከላከያ አለ። አንዳንዴ ከቆረጠ በኋላ ኃይሉ ጨርሶ እስኪለቅ ድረስ አይመለስም። መብራት ሄድ መለስ ሲል ባደረ ማግስት «ዩኤስቢው ጠፋ» ያሉኝ ሰዎች አሉ፤ በዚህችው 30 ሰከንድ ተመልሶላቸዋል። ሁሌ አይሠራም። ግን ነፃ ነው።

4. በባትሪ መብራት ውስጡን እዩ

የስልካችሁን መብራት አብሩና ወደ ፖርቱ ውስጥ ተመልከቱ። ደህና ፖርት ውስጥ አንዲት የፕላስቲክ ምላስ አለች፤ ጥቁር፣ ነጭ ወይም ሰማያዊ። ብረቶቹ እሷ ላይ ተደርድረዋል። የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው፦ የታጨቀ ቆሻሻ፣ የተጣመመ ብረት፣ የተሰበረ ምላስ።

ቆሻሻ ከሆነ ተመስገን በሉ። ላፕቶፕ በቦርሳ የሚመላለስ ሰው ፖርቱ ውስጥ የጨርቅ ብናኝና አቧራ ተጠቅጥቆ እንደ ጥጥ ይሆናል። ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ከኤሌክትሪክ ንቀሉ፤ ባትሪው ከወጣ አውጡት። ከዚያ በስቲኪኒ ቀስ ብላችሁ አውጡ፤ ብረቶቹን ሳትፍቁ። እንጨት ይሁን። መርፌ፣ የወረቀት ክሊፕ፣ ካቻቢቴ አይነካውም። በአፋችሁም እፍ አትበሉበት፤ ከአቧራው ይልቅ ምራቃችሁ ይገባል። ዝገት ወይም የሚጣበቅ ነገር ካለ ንጹሕ አልኮል በትንሽ ብሩሽ ነክራችሁ አስነኩትና ጨርሶ እስኪደርቅ ጠብቁ። ለስላሳ ፈሶበት ከሆነ ይህ አይበቃም፤ ፈሳሹ ወደ ውስጥ ወርዷል።

የተጣመመ ብረት ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለት ብረቶች ከተነካኩ ሾርት ያደርጋል። ስክሪኑ ላይ «ፓወር ሰርጅ ኦን ዘ ዩኤስቢ ፖርት» የሚል መልእክት ከመጣ ይህን ወይም የተበላሸ ዕቃን ጠርጥሩ። የሰካችሁትን ወዲያው ንቀሉ። ባዶ ፖርት ሆኖም መልእክቱ ከቀጠለ ጥፋቱ ፖርቱ ራሱ ውስጥ ነው። እዚያ ፖርት ላይ ደግማችሁ ምንም አትሰኩ። በተለይ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ያለበትን ፍላሽ።

ስትሰኩት የሚወዛወዝ፣ ወደ ላይ ቀና ስታደርጉት የሚሠራ፣ ስትለቁት የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ መበየጃው ለቋል። በሶፍትዌር አይድንም፤ ወደ መጨረሻው ክፍል ዝለሉ።

5. የባዮስ ፈተና

ይህን ዘዴ የሚያውቁት ጥቂት ናቸው፤ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምወደው ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ዊንዶውስ ከመምጣቱ በፊት ባዮስ የሚባለው፣ ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው የራሱ ፕሮግራም አለ። እዚያ ዊንዶውስም የዊንዶውስ ድራይቨርም የለም። ስለዚህ እዚያ የሚሠራ ፖርት ዕቃው ደህና ነው።

ባለገመድ ኪቦርድ ተዋሱና የተጠረጠረው ፖርት ላይ ሰኩት። ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉና ወደ ባዮስ ግቡ። ዴል ላይ ብዙ ጊዜ ኤፍ 2 ነው፤ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10፤ ሌኖቮ ላይ ኤፍ 1 ወይም ኤፍ 2፤ ብዙ ዴስክቶፖች ላይ ዴሊት። ለመግባት የላፕቶፑን የራሱን ኪቦርድ ተጠቀሙ። ከገባችሁ በኋላ የተሰካውን ኪቦርድ ቀስቶች ተጫኑ። ምርጫው ወደ ላይ ወደ ታች ከሄደ ፖርቱ በሕይወት አለ፤ ጣጣው ዊንዶውስ ነው። ካልሄደ ግን ወደ ዕቃው ብልሽት ያዘነብላል። እዚያው ሳላችሁ ዩኤስቢ የሚመለከተው ቅንብር ዲሴብልድ (የተዘጋ) ተብሎ እንደሆነም እዩ። ከሆነ እሱን ብቻ ኢኔብልድ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ካልሆነ ምንም ሳትነኩ፣ ሳታስቀምጡ ውጡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሰማያዊው ፖርት፣ ፈጣኑ ዩኤስቢ 3.0፣ ከአራቱ ሌላ አምስት ተጨማሪ ብረቶች አሉት። ኪቦርድና ማውስ እነሱን አይነኳቸውም። ኪቦርድ ሠርቶ ፈጣን ሃርድ ዲስክ እንቢ ካለ፣ ተጨማሪዎቹ ተጎድተው ሊሆን ይችላል።

6. ዊንዶውሱ ከሆነ

የስታርት ምልክቱን ራይት ክሊክ አድርጉና ዲቫይስ ማኔጀርን ክፈቱ። ወደ ታች ወርዳችሁ «ዩኒቨርሳል ሲሪያል ባስ ኮንትሮለርስ» የሚለውን ዘርጉ። ቢጫ ምልክት ያለበት አለ? ሁለቴ ክሊክ አድርጉት፤ የስሕተት ቁጥር ይነግራችኋል። 28 ከሆነ ድራይቨር አልተጫነለትም። 43 ከሆነ ዕቃው ራሱ ችግር እንዳለበት ተናግሮ ዊንዶውስ አስቁሞታል፤ ዕቃውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት።

ቀጥሎ የምታደርጉት ዊንዶውስ ዩኤስቢውን እንደ አዲስ እንዲያውቀው ማድረግ ነው። የተከፈተ ሥራ ካለ መጀመሪያ አስቀምጡ። «ሆስት ኮንትሮለር» የሚል ስም ያለውን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «አንኢንስቶል ዲቫይስ» በሉ። ድራይቨሩን ልሰርዝ ወይ ብሎ ከጠየቀ ሳጥኑን ምልክት አታድርጉበት። ሌሎች ሆስት ኮንትሮለሮች ካሉም እንዲሁ አድርጉ። ከዚያ ሪስታርት። ሲነሣ ራሱ መልሶ ይጭናቸዋል። ዴስክቶፕ ላይ ከሆናችሁ ማውሱም ኪቦርዱም መሐል ላይ ቀጥ ይላሉ፤ አትደንግጡ። የማብሪያውን ቁልፍ አንዴ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁትና ይጥፋ፤ መልሳችሁ አብሩት።

ሌላ ዓይነት ችግር አለ፦ ጠዋት ይሠራል፣ ሻይ ጠጥታችሁ ስትመለሱ ጠፍቷል። ይህ ኃይል ቆጣቢው ነው። እዚያው ዲቫይስ ማኔጀር ላይ «ዩኤስቢ ሩት ሃብ» የሚለውን ሁለቴ ክሊክ አድርጉ። «ፓወር ማኔጅመንት» ውስጥ ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ይህን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት አንሡ። ሩት ሃብ ከአንድ በላይ ከሆነ ለሁሉም።

ድምፁ ተሰምቶ፣ ዲቫይስ ማኔጀር ላይም ታይቶ፣ «ዚስ ፒሲ» ውስጥ ግን ፍላሹ ከሌለ ፖርቱ ደህና ነው፤ የበኩሉን ሠርቷል። የስታርት ምልክቱን እንደገና ራይት ክሊክ አድርጉና ዲስክ ማኔጅመንትን ክፈቱ። ፍላሹ እዚያ ካለ መጠሪያ ፊደል አጥቶ ይሆናል፤ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ፊደል ስጡት። ፎርማት ላድርገው ብሎ ከጠየቀ ግን ቶሎ «እሺ» አትበሉ። ውስጡ የምትፈልጉት ነገር ካለ ንቀሉትና ፋይል ለሚያወጣ ባለሙያ አቆዩት።

የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ሆኖ ማውስ ይሠራል፣ ፍላሽ ግን በየትኛውም ፖርት አይነበብም? የአይቲ ክፍሉ ዘግቶት ይሆናል። ቫይረስና የመረጃ ስርቆት ፈርተው ሆን ብለው ያደርጉታል። ጠይቁ እንጂ አትታገሉ።

አሁን ወደ አክስቴ ልጅ ላፕቶፕ። የጫንኩላት ዊንዶውስ 7 ነበር። ሁለቱ የግራ ፖርቶች ሰማያዊ ናቸው፤ የቀኙ ጥቁር። ዊንዶውስ 7 ደግሞ የዩኤስቢ 3.0 ድራይቨር አብሮት አይመጣም። ከራሱ ጋር ይዞ መምጣት የጀመረው ዊንዶውስ 8 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012። ስለዚህ ሰማያዊዎቹ ኤሌክትሪክ አላቸው፣ የማውሱ መብራት ይበራል፣ ዊንዶውሱ ግን አያውቃቸውም። ደግሜ ፎርማት ሳደርገው ያው ራሱ ዊንዶውስ 7 ተመልሶ መጣ። ሰኞ ዕለት የላፕቶፑን ሞዴል ቁጥር ከሥሩ አንብቤ ከአምራቹ ድረ ገጽ ድራይቨሩን አወረድኩ። በጥቁሩ ፖርት በኩል በፍላሽ አስገባሁት። አምስት ደቂቃም አልፈጀ። እሷ ግን እስከ ዛሬ ታነሣብኛለች።

ዛሬም በአሮጌ ማሽን ላይ ዊንዶውስ 7 የሚጭን ሰው አለ። ፎርማት ከተደረገ በኋላ ሰማያዊዎቹ ብቻ ከጠፉ መልሱ ይኸው ነው። ድራይቨር ስትፈልጉ ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ ውሰዱ። «ድራይቨሮችህን ሁሉ በአንድ ክሊክ አድሳለሁ» የሚሉትን ፕሮግራሞች አላምናቸውም፤ ይዘዋቸው የሚመጡት ኮተት ይበዛል።

7. ሃርድ ዲስኩ ብቻ እንቢ ካለ

ማውስ ይሠራል፣ ፍላሽ ይሠራል፣ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ግን ጠቅ ጠቅ እያለ ይነሣና ይጠፋል። ብዙ ጊዜ ኤሌክትሪክ አንሶት ነው። ዩኤስቢ 2.0 ፖርት የሚሰጠው በ5 ቮልት 500 ሚሊአምፔር ነው፤ 3.0 ደግሞ 900። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ሲነሣ ብዙ ይስባል። ወደ ሰማያዊ ፖርት አዙሩት፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ከኋላ ሰኩት፤ ገመዱን በአጭር ቀይሩ። የራሱ አዳፕተር ያለው ሃብም ይረዳል። ኤሌክትሪክ ከኮምፒውተሩ ብቻ የሚወስድ ሃብ ግን ነገሩን ያባብሰዋል፤ ያችኑ ትንሽ ኃይል ለአራት ማካፈል ነው። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ጠቅታው ካላቆመ ዲስኩ ራሱ እየሞተ ሊሆን ስለሚችል፣ ደጋግማችሁ አታስነሡት።

ገመድ አልባ ማውሳችሁ የሚንቀጠቀጠው ሃርድ ዲስኩ ሲሰካ ብቻ ከሆነ ደግሞ ፖርቱ አልተበላሸም። ዩኤስቢ 3.0 ሥራ ላይ ሲሆን የሚለቀው በጆሮ የማይሰማ የሞገድ ጩኸት እነዚህ ማውሶች የሚጠቀሙበትን የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ይረብሻል። የማውሷን ትንሽ መሰኪያ ወደ ሌላኛው ጎን አዙሯት።

8. በእውነት ከሞተ

ወደ ጥገና ቤት ስትሄዱ ወረቀቷን ይዛችሁ ሂዱ። «ዩኤስቢው አይሠራም» ማለትና «የግራ ሁለቱ ባዮስ ውስጥም አይሠሩም፣ የማውስ መብራትም አይበራም፣ ቀኙ ደህና ነው» ማለት አንድ አይደለም። ሁለተኛውን የሰማ ባለሙያ ፎርማት እናድርገው አይላችሁም።

ማዘርቦርድ ይቀየር ካሏችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ፖርቱ ያለው ማዘርቦርዱ ላይ ነው ወይስ በትንሿ ሰሌዳ ላይ? ትንሿ ሰሌዳ ለብቻዋ ትቀየራለች፤ አንዳንዴም ጠፍጣፋው ገመድ ወልቆ ብቻ ይገኛል። ፖርቱ ማዘርቦርዱ ላይ ከሆነም መሰኪያውን ብቻ ነቅሎ አዲስ መበየድ የሚችል እጀ ቀና ሰው አለ። ዴስክቶፕ ከሆነ ነገሩ ይቀላል፤ ባዶ ቦታ ካለ የዩኤስቢ ካርድ ገዝቶ ማዘርቦርዱ ላይ መሰካት ነው። አንድ ፖርት ብቻ ከሆነ የጠፋው ደግሞ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ አላስጠግነውም። በደህናው ፖርት ላይ ሃብ ሰክቼ እቀጥላለሁ። የሞተው ላይ ግን ፕላስተር ለጥፉበት፤ ሰው መጥቶ ፍላሹን እንዳይሰካበት።